ስድቡ የሚጀምረው ከጨዋታው ስንወጣ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በአንባብያን ገጻችሁ ላይ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የ14 ዓመት ልጃቸውን ስልክ ከፍተው ልጁ ያለበትን የጌም ግሩፕ አይተዋል። ያገኙት ስድብ ነው። የእናት ስድብ፣ የዘር ስድብ። ስልኩን ነጠቁት። እነዚህን ግሩፖች የሚመለከተው አካል ቢዘጋቸው ይሻላል ብለውም ጽፈዋል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ግሩፕ ከሚመሩት አንዱ ነኝ። ጋሼ ያዩትን አይተዋል፤ አልከራከራቸውም። እንዲያውም ካዩት የባሰም አለ። ግን ስድቡ ከየት እንደሚነሳ ለብዙ ዓመት በቅርብ አይቻለሁ። ከጌሙ አይደለም የሚነሳው። ከጌሙ ስንወጣ ነው የሚነሳው።

አዳማ ላይ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። አራት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቬንትሌተር። ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት አለ። «ዩኒፎርም ለብሶ መግባት ክልክል ነው። ጆይስቲክ የሰበረ ይከፍላል። ዱቤ የለም። የተሳደበ ይወጣል።» የመጨረሻዋን ብዙም መጠቀም አላስፈለገኝም። አንዱ አፉን ሲያበላሽ ዞር ብዬ አየዋለሁ። በቃ፣ ዝም ይላል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። ቤቱን ዘጋሁ። ልጆቹ ግን መጫወት አላቆሙም፤ ወደ ስልክ ዞሩ። እንዳይበታተኑ ብዬ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትኩላቸው። ስንጀምር 43 ነበርን። ሁሉንም በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ የብዙዎቹን እናትም አውቃለሁ። ዛሬ ከ3,000 በላይ ነን። ከሐዋሳ አለ፣ ከደሴ አለ፣ ከድሬዳዋ አለ፣ ከዱባይና ከሪያድም አለ። አብዛኛው ኢፉትቦል ነው የሚጫወተው። ኮናሚ የሚባለው የጌም ኩባንያ ድሮ ፔስ ይለው የነበረውን እ.ኤ.አ በ2021 ስሙን ቀይሮ በነጻ የለቀቀው የኳስ ጨዋታ ነው። እኛ ግን ዛሬም ፔስ ነው የምንለው። ፊፋም እንደዚያው ነው፤ የሚሠራው ኢኤ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ2023 ወዲህ አዲሱን ጨዋታ በፊፋ ስም አያወጣም፣ ልጆቹ ግን «ፊፋ እንግጠም» ይባባላሉ። ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወቱም አሉ።

የግድግዳውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ግሩፑ አናት ላይ ፒን አደረግኩት። ይበቃል ብዬ ነበር። አልበቃም።

ጌም ቤት ውስጥ ተረብ አለ። ተረብ የሌለበት ጌም ቤት ማንም አይመጣበትም። ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ቆርኪ ደርድረው፣ አንዱ ሌላውን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። ከበው የሚያዩት ይስቃሉ። የተተረበውም ይስቃል። ሲጨርሱ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ተረብ ግን ፊት ይፈልጋል። የምትተርበው ሰው ፊቱ ሲጠቁር ታያለህ፤ ታየዋለህና ታቆማለህ። ስልክ ላይ ፊት የለም። «አንተ እኮ ኳስ አይተህም አታውቅ» የምትለው ቃል አግዳሚው ላይ ስትባል ሳቅ ናት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከማታውቀው ሰው ስትመጣ ስድብ ናት። ቃሉ አንድ ነው።

መጀመሪያ የመሰለኝ ክልክሉን ማብዛት ነበር። የስድብ ቃላትን እየለቀመ የሚያጠፋ ቦት፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ አስገባሁ። ልጆቹ በፊደሎቹ መሃል ነጥብ እየጨመሩ አለፉት። እኔም አዲሱን አጻጻፍ እጨምራለሁ፤ እነሱም ሌላ ያመጣሉ። አንድ ክረምት ሙሉ በዚህ አለፈ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች።

2014 ዓ.ም ነበር። የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ነው። ሁለቱም ተጋጣሚዎች የእኔ ቤት ልጆች ናቸው፤ እዚያች አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ያደጉ። ጨዋታው 2 ለ 2 ላይ እያለ የአንደኛው ኔትወርክ ተቋረጠ። ሌላው «አሸንፌያለሁ» ብሎ ለጠፈ። «መብራት ጠፍቶ ነው፣ ዋይፋዩ አብሮ ጠፋ» አለ ያኛው። «ልትሸነፍ ስትል ነው ሁልጊዜ የሚጠፋብህ» ተባለ። «ስክሪንሾት አምጣ።» «አንተ አምጣ።» እስከዚህ ድረስ የጨዋታ ክርክር ነው። ጌም ቤቴ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ።

ሦስተኛ ሰው ገባ። የማናውቀው ሰው ነው፤ ግሩፑን ከተቀላቀለ ሁለት ቀኑ። መብራት ጠፋብኝ ያለውን ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀው፦ «ሙሉ ስምህ ማን ነው?»

በዚያ ዓመት ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደነበር አገሬን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። የሚያነቡት ሁሉ ገብቷቸዋል። ማንም ግን «ምን አገባህ» አላለውም። ልጁ እልህ ያዘውና መለሰ። የአባቱን ስም ጻፈ፤ የአያቱንም ጨመረበት።

እኔ ተኝቼ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬን ሳነሳ 412 መልእክት ጠበቀኝ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ስለ ጨዋታው የሚያወሩት የመጀመሪያዎቹ 30 ያህል ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ስንት እንዳገባ የጠየቀ የለም። የዘረዘሩትን እዚህ መድገም አልፈልግም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያጠፋሁት። ግሩፑን ዘጋሁ። ያንን እንግዳ አባረርኩ፤ ሁለቱን ልጆችም አባረርኩ። ሁለቱም ተሳድበው ነበርና ፍትሕ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ቀን ተዘጋ። በሁለቱ ቀን ያደረግኩት ነገር ቢኖር ማንበብ ነው። የግሩፑን የብዙ ወር ቻት ወደኋላ ሄጄ ጠብ ጠቡን እየፈለግኩ አነበብኩ። የት ጀመረ? ማን ምን አለ? ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ስለ ጨዋታው ብቻ የተነሳ ክርክር ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበርዳል። «በቃ ድጋሚ እንግጠም» ተብሎ ያልቃል። የከፋው ጠብ ሁሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ታጥፏል። ሰፈርህ የት ነው። ስምህ ማን ነው። ሃይማኖትህ ምንድን ነው። ሴት ነሽ እንዴ። ስለ ዜናው ምን ትላላችሁ። ስድቡ የመጣው ከመታጠፊያው በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጠባቂዬን ያቆምኩት ስድቡ ላይ ነበር። መቆም የነበረበት መታጠፊያው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የግሩፑ ዋና ሕግ «አትሳደብ» መሆኑ ቀረ። ዋናው ሕግ «ከጨዋታው አትውጣ» ሆነ። ስድብ አሁንም ያስባርራል። ግን ቀድሞ የሚያዘው ከርዕስ የወጣው ነው፤ ገና ጨዋ እያለ።

ይህን ሳደርግ ብዙ ሰው ተቆጣኝ። «አገር እየነደደ ስለ ጌም ብቻ አውሩ ትለናለህ?» ያለኝ አለ። «አፈና ነው» ያለኝ አለ። ቃሉ አሞኛል። በዚያ ዓመት እኔ ቤት ልቅሶ ተቀምጠናል፤ ነገሩ ሳይነካኝ ቀርቶ አይደለም። የአገር ጉዳይ የሚወራበት ቦታ ሞልቷል፤ ቤት አለ፣ ቡና አለ፣ ዕድር አለ፣ ጋዜጣ አለ። 14 ዓመት የሆነው ልጅና 35 ዓመት የሆነው ሰው፣ ሳይተያዩ፣ ሳይተዋወቁ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በስልክ የሚያወሩበት ቦታ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚሆን አይደለም። እዚያ የተወራ ነገር ማንንም አላስማማም፤ ማንንም አላጽናናም። ይህን የምለው 412ቱን መልእክት አንድ በአንድ ያነበብኩ ሰው ሆኜ ነው።

በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቴሌግራም ትልልቅ ግሩፖችን በርዕስ መከፋፈል ፈቀደ። እኔ እንደ ቤት ክፍል ነው ያየሁት። አንዱን «ግጥሚያና ውጤት» አልነው። አንዱ «ጥያቄና ምክር»፤ ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ተጫዋች ካርድ፣ ስለ ላግ (ጨዋታው በኔትወርክ ሲንቀራፈፍ) የሚጠየቅበት። አንዱ «የታሪክ ጌሞች»፤ እንደ ፊልም ታሪክ ላላቸው ጌሞች። አንዱ «ሽያጭ»። የመጨረሻውን «ሻይ ቤት» ብለነዋል። እዚያ ስለ ፈተና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እውነተኛው ኳስ ማውራት ይቻላል። አርሰናልና ማንቸስተር እዚያ ይጨርሱ። ፖለቲካ፣ ብሔርና ሃይማኖት ግን ሻይ ቤትም አይገቡም። አንድ ሰው ቦታውን ሲስት አድሚኑ አይቆጣውም። «ወንድሜ፣ ይህ ሻይ ቤት ነው የሚሆነው» ብሎ ያሻግረዋል። በብዛት የሚሠራው ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

እንዲህ ያለ ሕግ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ በ1995 የኢንቴል ባልደረባ ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጀችው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ አለ፤ አርኤፍሲ 1855 ይባላል። ዛሬም ይነበባል። አዲስ ገቢ ከመጻፉ በፊት አንድ ወይም ሁለት ወር ዝም ብሎ ያንብብ፣ የቤቱን ባህል ይወቅ ይላል። እኔ ሁለት ወር ብል ማንም አይታገሰኝም። ሦስት ቀን አደረግኩት። አዲስ የገባ ሰው ሦስት ቀን ያነባል፤ መጻፍ ቦቱ አይፈቅድለትም። ያን ጊዜ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ ያ የሁለት ቀን እንግዳ ያንን ጥያቄ መጠየቅ አይችልም ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

በዚያው መመሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ብቻ መጻፍ እንደ መጮህ ይቆጠራል የሚል አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። እኛ የምንጮኸው በሌላ መንገድ ነው። አንድን ቃል በአምስት መልእክት ቆራርጦ መላክ፣ አሥር ስቲከር መደርደር፣ ሌሊት ቮይስ ላይ መጮህ። ስለዚህ የእኛን ጩኸት በእኛ መንገድ ነው የከለከልነው። ሐሳብህን በአንድ መልእክት ጨርስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቮይስ የለም። ግጥሚያ ሲግል ደግሞ በአንድ ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ እንዲያልፍ እናደርጋለን፤ ቴሌግራም ላይ ማስተካከያው አለ። ያኔ ስክሪኑን ብታዩት ደስ ይላል። «እየጻፈ ነው» የምትለው ምልክት ትመጣለች። ትጠፋለች። እንደገና ትመጣለች። መልእክቱ ግን አይመጣም። አንድ ደቂቃ ሲጠብቅ የጻፈውን መልሶ አንብቦት አጥፍቶታል ማለት ነው።

ስለ አጻጻፍ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለምደዋል። ፈጣን ነው ይላሉ። በላቲን ፊደል ግን «መጣሁ» እና «መታሁ» አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። አንድ ልጅ ኔትወርኩ ተቋርጦበት ሲመለስ «መጣሁ» ብሎ ጻፈ። ተጋጣሚው «መታሁ» ብሎ አነበበው፤ ሳንጨርስ አሸነፍኩ አለ ብሎ። ነገሩ እየከረረ ሄደ። አድሚኗ መጥታ «በፊደል ጻፉት እስቲ» እስክትላቸው ድረስ 40 መልእክት ተመላልሰዋል። አሁን በውጤት ክፍል ውስጥ በግዕዝ ፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው። ፊደሉ ሲጠፋ ቃሉ ይጠፋል፤ ቃሉ ሲጠፋ ጠብ ይመጣል።

ሰዓትም እንደዚሁ። «3 ሰዓት ላይ እንግጠም» ይላል የአዳማው ልጅ። የምሽቱን ነው የሚለው። ዱባይ ያለው ወንድማችን በፈረንጅ ሰዓት አንብቦት ከቀኑ በ3 ሰዓት ሥራ አስፈቅዶ ጠበቀ። የዕረፍት ሰዓቱን አጠፋ፤ ተጋጣሚው አልመጣም፤ «ፈርቶ ነው» ብሎ ለጠፈ። ስለዚህ ሰዓት ሲጻፍ «ከምሽቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ 10 ሰዓት በዱባይ» ተብሎ ይጻፋል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ጋር የሚጋጭ ግጥሚያ አይያዝም። እሑድ ጠዋትም አይያዝም። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ነው። ውጤት ሲለጠፍ የሁለቱም ስምና ጎሉ የሚታይበት ስክሪንሾት ይኑረው። ኔትወርክ ከተቋረጠ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ድጋሚ ይገጠማል። ያቺ ሌሊት የጎደላት ይህቺው ናት። መልስ ያለው ጥያቄ ለነገረኛ ቦታ አይሰጥም።

ስለ ሴት ልጆች ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አምስት ወር ሙሉ ግሩፑ ውስጥ በጣም ጥሩ የሚጫወት ሰው ነበር። ሁሉም «አንተ» ይለዋል። አማርኛችን «ገባሁ»፣ «አሸነፍኩ»፣ «ነገ እመጣለሁ» ሲል የተናጋሪውን ጾታ አይናገርም። ስለዚህ ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ዋንጫ በላች። «እንኳን ደስ አለህ ጀግናው» ሲሏት «አንቺ በሉኝ» ብላ ጻፈች። ሁለት ቃል ብቻ። በዚያች ማታ 11 ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉላት። ፎቶ ላኪ፣ የት ነሽ፣ ስልክሽን ስጪኝ። አንዱ እምቢ ስትለው ሰደባት። በማግስቱ ከግሩፑ ወጣች።

እኔ በእድሜዬ የእሷ አባት ልሆን የምችል ሰው ነኝ። ማፈሬን ነግሬ በአንድ ጓደኛዋ በኩል ይቅርታ ላክሁላት። ከዚያ አንድ ሕግ ጨመርን። ስም፣ ሰፈር፣ ጾታ፣ ፎቶ አይጠየቅም። እዚህ የምንጠያየቀው «ስንት ለስንት አለቀ» ብቻ ነው። ከግሩፑ ወስዶ በውስጥ መስመር የሚያስቸግር ሰው ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የዚያኑ ቀን ይወጣል። ይህቺ አንዲት ሕግ ሁለት በር ዘጋች። «ሙሉ ስምህ ማን ነው» እና «ፎቶሽን ላኪ» ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ሁለቱም ጨዋታውን ትተው ሰውየውን የሚፈልጉ ናቸው። ልጅቷ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰች። ያቺ «በፊደል ጻፉት» ያለችው አድሚን እሷ ናት።

የታሪክ ጌሞች ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋነት ያስፈልጋል፤ መጨረሻውን አለመናገር። ውጭ አገር ጌሙ ከወጣ ትንሽ ከቆየ በኋላ ስለ መጨረሻው የሚያወራ ሰው ብዙም አይወቀስም። እዚህ አገር ጌም ወጣ ማለትና ጌም ደረሰን ማለት አንድ አይደለም። አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ እ.ኤ.አ በኅዳር 2022 ሲወጣ ማጠራቀም ጀመረ። ያገለገለ ሲዲ እስኪያገኝ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ገዝቶ ወደ ቤት እየሄደ ታክሲ ውስጥ ግሩፑን ከፈተ። አንዱ የመጨረሻውን ትዕይንት ፎቶ ለጥፎታል። ልጁ ምንም አልጻፈም። በማግስቱ እኔ ጋ መጥቶ «ጋሼ፣ ሲዲውን የሚገዛ ካለ» አለኝ። አንጀቴን በላው። የእኛ ሕግ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ታሪኩ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን ወይም ፎቶውን ይሸፍነው፤ ቴሌግራም እንዲሸፈን አድርጎ መላክ ይፈቅዳል፣ ማየት የፈለገ ነክቶ ይከፍተዋል። ሁለት ሰከንድ አይወስድም።

ቪዲዮም ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ይህ ስለ ዳታ ነው። በ20 ብር ፓኬጅ የሚኖር ልጅ የአንተን የ8 ደቂቃ ጎል ሳያውቅ አውርዶ ፓኬጁ ያልቅበታል።

ሽያጭን በአጭሩ ልለፈው። አካውንት ይሸጣል ተብሎ በቴሌብር ተከፍሎ ሻጩ የጠፋበት ጊዜ አለ። «ነጻ ኮይን» የሚል ሊንክ ከፍቶ ፓስወርዱን አስገብቶ የሦስት ዓመት አካውንቱን ያጣ አለ። እኛ ጋ ሊንክ የሚለጥፈው አድሚን ብቻ ነው። የውርርድ ማስታወቂያ በማንኛውም ክፍል አይገባም፤ ይህን የምለው ለኳስ ጌም ግሩፕ ሲሆን በጣም ከባድ መሆኑን እያወቅኩ ነው፤ ገንዘብ አምጥተው የለመኑኝ አሉ።

አሁን ለአድሚኖች። በአገራችን ከእኔ ግሩፕ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ግሩፖች አሉ። ቴሌግራም እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። አንዳንዱን የሚመራው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ይተኛል፣ ይፈተናል፣ ይታመማል። ሌሊት የሚነቃ ሰው ከሌለህ ሌሊት ግሩፑን ዝጋው። እኛ ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት እንዘጋለን፤ ሪያድ ያለው ወንድማችን ነቅቶ የሚጠብቅበት ቀን ሲኖር ብቻ ይከፈታል። መልእክት ስታጠፋ ለምን እንዳጠፋህ ለባለቤቱ በውስጥ መስመር ንገረው። ሰው ፊት አትገሥጸው። የራስህን ግጥሚያ ራስህ አትዳኝ፤ ለሌላ አድሚን ስጠው። የምታባርረውን ሰው የሚመለስበትን ቀን ንገረው። ይህን የመጨረሻውን እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ለወላጆች፣ በተለይ ያንን ደብዳቤ ለጻፉት ጋሼ። ስልኩን ከመንጠቅዎ በፊት ልጅዎን አጠገቡ ቁጭ ብለው «የትኛው ግሩፕ ነው? አድሚኑ ማን ነው? ሕጉን አሳየኝ» ይበሉት። ሕጉ ፒን ተደርጎ ካልተቀመጠ፣ ወይም ተቀምጦ ማንም የማያስከብረው ከሆነ፣ ከዚያ ግሩፕ ያስወጡት። ሌላ አለ። ስልክ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይ አድርገው ይዝጉለት፤ ቴሌግራም ውስጥ ግላዊነት የሚለው ቦታ ላይ ነው። የሰደበውን ሰው መልእክት ስክሪንሾት አንስቶ ለአድሚኑ እንዲልክ ይንገሩት፤ መልሶ እንዳይሳደብ። ከቻሉ አንድ ጨዋታ ከእሱ ጋር ይጫወቱ። በሰፊው ይሸነፋሉ፤ ልጅዎ ግን ቀኑን ሙሉ ያወራዎታል።

ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ጋዜጣ የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በዚያች ሌሊት ካባረርኳቸው ሁለት ልጆች አንደኛው ከወራት በኋላ ተመልሷል። ዛሬ ግጥሚያ የሚያወጣልን እሱ ነው። ሁለተኛው፣ መብራት ጠፋብኝ ያለው፣ ስሙን የተጠየቀው፣ አልተመለሰም። የቀደመው ነገር የእሱ ጥፋት አልነበረም። ተጠይቆ ነው የመለሰው። ተሰድቦ ነው የተሳደበው። እኔ ግን ከሰዳቢዎቹ እኩል አስወጣሁት። ጌም ቤቱ ሲከፈትም አልመጣም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ማዶ ተሻገረ።

አባቱ ይህን ጋዜጣ ይገዛሉ። ድሮ ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘውት ነበር የሚመጡት። አባባ፣ ይህን ካነበቡ ይንገሩልኝ። ስሙን ከተባረሩት ዝርዝር ውስጥ አውጥቼዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታዬን ፊቱ ቆሜ እለዋለሁ። ያ የ2 ለ 2 ጨዋታ ድጋሚ እንዲገጠም ወስነናል፤ ተጋጣሚውም ተስማምቷል። የግሩፑ ሊንክ ያው የድሮው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጌም ቤት ባለቤት
ከአዳማ